ዳቦውን ከመክሰሳችን በፊት

 

ዛሬ ስለ ዳቦ እናውራ። አዎ፣ ስለ ዳቦ። "ዳቦ መርዝ ነው"፣ "ዳቦ ትቼ በሳምንት ቀጠንኩ" የሚሉ ቪዲዮዎች ስልካችሁ ላይ ሳይመጡ አይቀሩም። እነሱን አይታ እናቷ የጋገረችውን ዳቦ እንደ ሐራም የምትገፋ እህት አለች። አራት ዳቦ በፉል ጠርጎ ከተቀመጠበት መነሳት የሚያቅተው ወንድምም አለ። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ዳቦ ያወፍራል ወይ?

መጀመሪያ አደብ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አንቋሸው እንደማያውቁ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ካማራቸው ይበሉ ነበር፤ ካላማራቸው ዝም ብለው ይተዉት ነበር። ስለዚህ ዳቦ መብላት ካልፈለጋችሁ ተዉት፤ የአላህን ኒዕማ ግን "መርዝ" አትበሉት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 100 ግራም ነጭ ዳቦ ወደ 260 ካሎሪ አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል፤ ከአንዲት ትንሽ ዳቦ ጋር ተቀራራቢ ማለት ነው። ያው የስንዴ ዱቄት ፈጢራ ሲሆን፣ ሳምቡሳ ሆኖ ዘይት ውስጥ ሲገባ፣ ከጎኑ ለስላሳ ሲከፈትና ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጨመር አስቡት። ስንወፍር የሚከሰሰው ግን ዳቦው ብቻ ነው!

ታዲያ ዳቦ የተወ ሰው በሳምንት 1 ወይም 2 ኪሎ የሚቀንሰው ለምንድን ነው? ሰውነታችን ከዳቦ፣ ከእንጀራና ከሩዝ ያገኘውን ኃይል በከፊል ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ግራም ክምችት ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እነዚህ ምግቦች ድንገት ሲቋረጡ ክምችቱ ይጎድላል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሚቀንሰው አብዛኛው ይህ ውሃ ነው፤ ስብ የሚቀንሰው ቀስ ብሎ ነው። ዳቦው ሲመለስ ውሃውም ይመለሳል፤ ያቺ እህት ደግሞ "በአንድ ቀን ወፈርኩ" ብላ ታለቅሳለች።

የዳቦው ዓይነትም ለውጥ አለው። ሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ) በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ወንፊት ነበራችሁ ወይ ተብለው ተጠየቁ። እንዳልነበራቸው መለሱ። ገብሱን ይፈጩና እፍ ይሉበት ነበር፤ ገለባው የሚበረው ይበራል፣ የቀረውን በውሃ አርሰው ይበላሉ። እንዲህ ያለው ዱቄት ቃጫው ስለማይወጣለት ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ቶሎ አያስርብም። እኛ ፉርሽካውን ለከብት ሰጥተን ነጩን ለራሳችን እናስቀራለን፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ይርበናል። የስንዴ ዳቦ እንኳ በነብያችን ቤት ብርቅ ነበር። ቤተሰባቸው መዲና ከገቡ ጀምሮ እርሳቸው እስኪያልፉ ድረስ ሦስት ሌሊት በተከታታይ የስንዴ ዳቦ ጠግበው እንዳልበሉ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች።

የሆድን አንድ ሦስተኛ ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛ ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛ ለትንፋሽ የሚለውን ሐዲስ ሁላችንም እንጠቅሳለን። ነገር ግን ቲርሚዚይ ከሚቅዳም (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ ከመጀመሪያው አንብቡት። በቂ ተብሎ የተጠቀሰው ወገብን ቀጥ የሚያደርጉ ጥቂት ጉርሻዎች ነው። ሦስተኛው የመጣው ከዚያ መጨመር ግድ ለሆነበት ሰው ነው። እኛ የመጨረሻውን ጣሪያ እንደ መነሻ ወስደን፣ እሱንም አልፈን፣ ከዚያ ዳቦውን እንከሳለን። ኢስራፍ ያለው በእጃችን ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን ጽሑፍ ወፍራም ጓደኛችሁ ላይ ለመሳቅ እንዳትልኩት። ውፍረት ሁሉ የሆዳምነት ውጤት አይደለም፤ ዘር አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ሕመም አለ። ሶሓቦች በኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ቀጫጭን እግሮች ሲስቁ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳሏቸው ታስታውሳላችሁ? እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። ስኳር ወይም ሌላ ሕመም ያለባችሁም ስለ ዳቦ ሐኪማችሁን ስሙ እንጂ ቪዲዮን አትስሙ፤ እኔንም ቢሆን።

ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ምሳ ስትቀርቡ ቢስሚላህ በሉና ቀስ ብላችሁ ብሉ፤ ሆድ መጥገቡን ለመናገር ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛውን ዳቦ ከማንሳታችሁ በፊት ትንሽ ቆዩ። የአንድ ሰው ምግብ ለሁለት እንደሚበቃ በሐዲስ መጥቷል። ዶርም የምትኖሩ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ፉል ለሦስት አዝዛችሁ ስትበሉ ማን ጦሙን አደረ?