«ቀኑ ደርሶ ነው» ከማለታችን በፊት

ከፎቅ ወድቆ በሞተ የቀን ሠራተኛ ልቅሶ ላይ አብዝቶ የሚሰማው «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል ነው። «አርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚልም ይኖራል፤ «እግዜር የወሰደውን ማን ይመልሳል» የሚልም። ለእናቱና ለሚስቱ ይህ ማጽናኛ ነው። የሐዘንተኛን ማጽናኛ በክርክር ማፍረስ ጭካኔ ስለሆነ እዚያ ቦታ ላይ ልነካው አልፈልግም። ነገር ግን ቃሉ ልቅሶ ቤት አይቀርም፤ በማግስቱ ወደ ሥራ ቦታው ይመለሳል። ኮንትራክተሩ ይለዋል፣ ፎርማኑ ይደግመዋል፣ የሟቹ ባልንጀሮች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያም ያው የባሕር ዛፍ መወጣጫ እንደቆመ፣ ያው ጣውላ በቅጡ ሳይታሰር፣ ሌላ ልጅ በሟቹ ፋንታ ይወጣበታል። እዚህ ላይ ቃሉ ማጽናኛ መሆኑ ይቀርና መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ የሚዘጋ መልስ ይሆናል። ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት ማስተማር የመሐንዲሶችና የሕግ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትም ጥያቄ ነው የምለው ለዚህ ነው። አደጋውን የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው የመንገር ዕዳ አለበት፤ ዕዳውን ሳይከፍል ቀርቶ የመጣውን ሞት በፈጣሪ ፈቃድ ማሳበብ የፈጣሪን ስም በከንቱ መጥራት ነው።

ይህን ስል የአምላክን መግቦት የካድሁ የሚመስለው አማኝ ይኖራል። ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው ማለት ትክክለኛ እምነት ነው፤ ጥያቄው ይህ እምነት ምን እንድናደርግ ያዘናል የሚለው ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በሰሊሆም ግንብ ተንዶ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ተጽፏል። ክርስቶስ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች ነበሩ የሚለውን ግምት አይቀበልም፤ ነገሩን በሕይወት ወዳሉት ሰሚዎች መልሶ ንስሐ እንዲገቡ ያሳስባቸዋል። ምንባቡ ስለ ግንብ ጥራት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የሚጠቁመው አቅጣጫ ግን አይሳትም፦ ግንብ ሲናድ የሚመረመረው የሟቹ ዕጣ ሳይሆን የቀሪዎቹ ሕይወት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ደግሞ ፈታኙ ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል ሲል ክርስቶስ እንቢ ያለው መላእክት እንደማይደግፉት ፈርቶ ሳይሆን ጌታን መፈታተን ስለሆነ ነው። ቀበቶ ያልገዛ አሠሪ ልጁን አምስተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ አቁሞ «ሚካኤል ይጠብቅህ» ሲለው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በሌላ ሰው ሥጋ መፈታተኑ ብቻ ነው። በእስልምናም ግመሌን ልሰር ወይስ ትቼ በአላህ ልመካ ብሎ ለጠየቀ ሰው ነቢዩ ሙሐመድ መጀመሪያ እሰር፣ ከዚያ ተመካ የሚል መልስ እንደሰጡ በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብ ይገኛል።

ዕድልን በተመለከተ አንድ ጥንታዊ ክርክር አለ። የታመመ ሰው ሊድን ከተጻፈለት ሐኪም ቢጠራም ባይጠራም ይድናል፣ ሊሞትም ከተጻፈለት ይሞታል፣ ስለዚህ ሐኪም መጥራት ከንቱ ነው ይባል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የግሪክ ፈላስፋ ክሪሲፑስ መዳኑ ከተጻፈ ሐኪም መጥራቱም አብሮ የተጻፈ ሊሆን ይችላል ብሎ መለሰ። አርባ ቀን ዕድልን የሚያምን ሰው ይህን መልስ ማሰላሰል አለበት። መውደቁ የተጻፈ ነው ካልን «ይህ ጣውላ አልታሰረም፣ አትርገጠው» ብሎ የሚነግረው ሰው መምጣቱስ ያልተጻፈ መሆኑን በምን አወቅን? ደግሞም በዕድል የምናሳብበው ሁሉንም ነገር አይደለም። ሲሚንቶውን ዝናብ ላይ ትቶ «ዕድሉ ነው» የሚል ኮንትራክተር አላጋጠመንም፤ ሸራ ያለብሰዋል፣ ዘበኛ ያቆምለታል። ዕድል የሚጠራው ጉዳቱ በገንዘባችን ላይ ሳይሆን በድሃ ልጅ አካል ላይ ሲያርፍ ከሆነ፣ ያ እምነት አይደለም።

የብሉይ ኪዳን ሕግ በዚህ ነገር ላይ በሚገርም ዝርዝር ይናገራል። ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። ዘጸአት ምዕራፍ 21 ደግሞ ስለሚዋጋ በሬ ሲደነግግ ሁለት ባለቤቶችን ይለያል። በሬው መዋጋቱን ያላወቀው ባለቤት ንጹሕ ነው። ከዚያ በፊት መዋጋቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረው ግን በሞት ይጠየቃል። ሁለቱ ሰዎች ያደረጉት ነገር አንድ ነው፣ ምንም አላደረጉም፤ በደላቸውን የለየው እውቀት ነው። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 33 ያለው ጉበኛም እንዲሁ ነው። ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ካልነፋ የሟቹ ደም ከእጁ ይፈለጋል፤ ነፍቶ ሰሚው ካልተጠነቀቀ ግን ደሙ በራሱ በሰሚው ላይ ነው። የዘመናችን የሥራ ደኅንነት ሕግ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ኃላፊነትን ያከፋፈለበት መንገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹ በሥራቸው ስለሚገጥማቸው አደጋና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ተገቢው መመሪያ እንዲደርሳቸው የማድረግ ግዴታ ጥሎበታል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የደኅንነት መመሪያዎችን እንዲያከብር፣ የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ እንዲጠቀም፣ ብልሽት ወይም ራሱ ሊያስወግደው የማይችል አደጋ ሲያይ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። በአንቀጽ 96 መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ከኃላፊነት የሚያመልጥበት አንዱ በር ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከሆነ ነው። «በግልጽ የተሰጠውን» የሚለው ላይ ቆም ማለት ያሻል። ያልተነገረ መመሪያ አይጣስም። በማይገባው ቋንቋ የተለጠፈ ወይም ማንበብ ለማይችል ሰው በወረቀት የታደለ ትእዛዝም እንደተሰጠ አይቆጠርም ብዬ አምናለሁ። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስለ ሙያ ደኅንነትና ጤንነት የሚደነግገውን ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለሕጋችን አዲስ አይደለም።

«ሠራተኛው ፈቅዶ ነው የገባው፤ ደመወዙንም ይወስዳል» የሚለው ተቃውሞ በየቦታው ይሰማል። ፈቃድ ግን እውቀትን ይጠይቃል። ከገጠር መጥቶ ማለዳ በየአደባባዩ የሚቀጠር ልጅ የሚያውቀው ሥራ እርሻ ነው። አርማታ የሚጎትተው ማሽን ልብስ እንደሚይዝ፣ ያልተደገፈ ጉድጓድ ሳይታሰብ እንደሚደረመስ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ እንደሚበላ የሚያውቁት መሐንዲሱና ፎርማኑ ናቸው። እውቀቱ አንዱ ጋ፣ አካሉ ሌላው ጋ ነው። ልጁ የተስማማው ለሚያየው ድካም እንጂ ለማያየው አደጋ አይደለም። የማይታየው ደግሞ ከመውደቅ ይልቅ በሽታ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ግምት በዓመት 2.93 ሚሊዮን ያህል ሰው ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞት ያሳያል፤ ከዚህ ውስጥ 2.6 ሚሊዮኑን የሚገድለው አደጋ ሳይሆን በሽታ ነው። የጥጥ ብናኝ፣ የድንጋይ ዱቄት፣ የአበባ እርሻ ኬሚካል ሰውን በአንድ ቀን አይጥሉም። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው አነጋገር እዚህ ጋ ጨርሶ ይወድቃል፤ የደረሰ ቀን የለም፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ትንፋሽ ነው ያለው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሐኪሞች በሽተኛን ሲመረምሩ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንዲጨምሩ መከረ። ይህን ጥያቄ ሐኪሙ በኋላ ከሚጠይቀው አሠሪው በፊት ቢመልሰው ይሻላል።

ሌላው ተቃውሞ የጊዜና የገንዘብ ነው፦ የቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን ሠርቶ ይሄዳል፣ ለእርሱ ሥልጠና መስጠት ኪሳራ ነው። ማስረጃው የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። በቶሮንቶ የሚገኘው የሥራና ጤና ተቋም እንዳጠናው፣ በመጀመሪያው የሥራ ወሩ ላይ ባለ ሠራተኛ ላይ ሥራ የሚያስቀር ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከዓመት በላይ ከቆየው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ለሦስት ቀን የሚመጣው እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ መንገር የሚገባን ሰው ነው። ዘጸአት ምዕራፍ 23 እስራኤላውያን ራሳቸው በግብፅ መጻተኞች ስለነበሩ የመጻተኛን ነፍስ ያውቃሉ ብሎ እንዳያስጨንቁት ያዛቸዋል። ለአገሩ ሁሉ መጻተኛ የሆነውን የግንባታ ሠራተኛ በሦስት ቀን ቆይታው ሰበብ ችላ ማለት ይህን ትእዛዝ በሂሳብ መሻር ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ከሠራተኛው ወገን የሚመጣው ነው። ሥልጠና የአሠሪ ማምለጫ ሆኗል ይላል፤ አዳራሽ ይሰበስቡናል፣ ያስፈርሙናል፣ ጉዳት ሲደርስ ፊርማችንን ያወጡብናል። እውነት አለው። በዚህ ርዕስ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስበው የመረመሩ ተመራማሪዎች ሥልጠና የሠራተኛውን አሠራር እንደሚለውጥ ጠንካራ ማስረጃ አግኝተዋል፤ ለብቻው ጉዳትንና በሽታን እንደሚቀንስ ግን በቂ ማስረጃ አላገኙም። በሙያው የታወቀው ቅደም ተከተልም አደጋውን ማስወገድን፣ ማሽኑን መከለልንና ጠርዙን ማጠርን ያስቀድማል፤ ትምህርትና ሄልሜት ኋላ ናቸው። ዘዳግምም እንዲሁ ነው፦ የቤቱ ባለቤት እንግዶቹን «ተጠንቀቁ» እንዲል አላዘዘም፣ መከታ እንዲሠራ ነው ያዘዘው። ስለዚህ መከታ ሳይሠራ የሚያሠለጥን አሠሪ ዕዳውን አልከፈለም። ይህ ግን ሥልጠናን ከንቱ አያደርገውም፤ ሥልጠና ምን መያዝ እንዳለበት ያስረዳናል። በሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ ዋዜማውን ታይቶ ነበር፤ ታች ያሉት ባንክና ሱቆች ሲዘጉ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ተደረገ። ሠራተኞቹ ስንጥቁን አይተውታል። የጎደላቸው አልገባም የማለት አቅም ነበር። ከዚያ በኋላ የተፈረመው የባንግላዴሽ የደኅንነት ስምምነት ሥልጠናን አደገኛ ሥራን ካለመሥራት መብት ጋር አንድ ላይ ያካተተው በከንቱ አይደለም። መብቱን የማይነግር ሥልጠና ግማሽ እውነት ነው።

የሠራተኛውም ድርሻ ከዚህ ይነሣል። ባህላችን «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ይሉኝታና የእንጀራ ፍርሃት ተጨምረውበት፣ ያልታሰረ ጣውላ ያየ ሰው አይቶ ያልፋል። ፍርሃቱን አልነቅፍም፤ ሥራውን የሚያጣው እርሱ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 93 ያየኸውን ተናገር የሚለው የሚጎዳው ጣውላውን ያየው ሰው ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ከኋላው የሚወጣ አለ። አንዴ ከተማረ በኋላ ሠራተኛውም ጉበኛ ነው። አሠሪው ደግሞ የተናገረውን የሚያባርር ከሆነ የጉበኛውን መለከት ራሱ ነጥቋል፤ የዝምታው ኃላፊነትም ወደ እርሱ ይመለሳል።

ሕጉ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ፤ የሃይማኖት ሰዎች ድምፅ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኛን የግል አገልግሎት ከወሰኑ ውጭ ትቶታል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደሚገድል፣ ጋዝ ሲሸት መብራት እንደማይበራ፣ ሁለት የጽዳት ኬሚካሎች እንደማይደባለቁ ለአንዲት የ16 ዓመት ልጅ የሚነግራት የመንግሥት ተቆጣጣሪ የለም። የሚነግራት እመቤቲቱ ናት፣ ወይም ማንም። እመቤቲቱን የንስሐ አባቷ ጾምሽን ጾምሽ ወይ ብሎ እንደሚጠይቃት፣ ቤትሽ የምትሠራዋን ልጅ ምን አስተማርሻት ብሎ ቢጠይቃት ከሥልጣኑ የወጣ አይሆንም። ኢማሙም ለጀመዓው እንዲሁ ነው። ግንባታን በተመለከተ ደግሞ ራሳቸው የሃይማኖት ተቋማት አሠሪዎች ናቸው። ምእመናን ለበረከት ድንጋይ ያቀብላሉ፣ መወጣጫ ላይ ይወጣሉ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም በግንባታ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የቆመው የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ለበዓሉ ከመጡ ምእመናን ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። ስለ እነርሱ መጸለይ ይገባል፤ ሞታቸውን በዕድል ጠቅልሎ ማለፍ ግን አይገባም። የሕንፃ ሥራ ኮሚቴ ያለው ደብርና መስጊድ ሁሉ ከመሠረት ድንጋዩ ጸሎት ጋር መሐንዲስ መወጣጫውን እንዲመረምርና ስንት ሰው እንደሚሸከም እንዲወስን ማድረግ ይችላል። በበዓል ቀን ሥራ ቦታው እንዲታጠር፣ ለበረከት የመጣውም ሰው ምን እንደማይነካ አንድ ሰው ቆሞ እንዲነግረው ማዘዝም ይችላል። ይህ ከምእመናን ከሚሰበሰበው የግንባታ ገንዘብ እጅግ ጥቂቱን ነው የሚፈልገው፤ ጥቂቱም መጀመሪያ ላይ መመደብ አለበት እንጂ ከተረፈ ብቻ የሚታሰብ መሆን የለበትም።