«እጅ እጅ አለኝ»

ቻይናዎች «ዮውኒ» የሚሉት ቃል አላቸው። «ዮው» ዘይት ነው፤ «ኒ» ደግሞ ቅባቱ በዝቶ የሚከብድ፣ የሚያቅለሸልሽ ነገር። ቃሉን የሰማሁት ገላን ውስጥ ለአንድ ፋብሪካ የመጋዘን ሶፍትዌር ስሠራ ነው። አብሮኝ ምሳ የሚበላ ቻይናዊ ቴክኒሻን፣ ቅቤ የተንሳፈፈበትን ቀይ ወጥ አይቶ «ዮውኒ» አለ። ወጡን የሠሩት እትዬ ግን ያን ሁሉ ቅቤ የጨመሩት እንግዳ አለ ብለው ነው።

እኛ ጋ ቅባት ሙገሳ ነው። «ወዛ» ስንል ተመቸው፣ አማረበት ማለታችን ነው። በ2014 ዓ.ም. አምስት ሊትር ዘይት ከ1,000 ብር በላይ ሲገባ «ዘይት በዛበት» ብሎ ወጥ የሚመልስ ማን ነበር?

ቻይናም ያው ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ዘይት በኩፖን ይታደል ነበር። ጥጋብ ሲመጣ ግን ቅባት ነውር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ቃሉ ከሳህን ወጥቶ ሰው ላይ ተለጠፈ፤ ደራሲው ፌንግ ታንግ ስለ «ዮውኒ» ጎልማሶች ከጻፈ በኋላ ቦርጫሙም፣ ጉረኛውም፣ ምክር የማያልቅበቱም «ዮውኒ» ተባለ።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ነው። ሆድ የጀመረውን ፍርድ ሥነ ምግባር ሲጨርሰው ተከሳሹ መከራከሪያ ያጣል። «ጉረኛ ነህ» የተባለ ሰው «ምን ብዬ ጎረርኩ?» ይላል። «ታቅለሸልሻለህ» የተባለ ምን ይመልሳል? የእኛም «ፋራ» እኮ እንደዚያው ነው።

በእኔ ሥራ «ሲስተማችሁ ያስጠላል» የሚል ቅሬታ ሲመጣ ምንም ማስተካከል አልችልም፤ «ሁለተኛው ገጽ ይዘገያል» ሲሉኝ እችላለሁ።

እዚህ ላይ «መንገድ ላይ የሚለክፋት ወንድ ያቅለሸለሻት ሴት ምክንያት ልትደረድር ነው?» ትሉኝ ይሆናል። የለባትም። ግን እሷ ጋ ምክንያቱ አልጠፋም፤ ለከፋ የሚባል ስም አለው። ቦርጭ ግን ምን አጠፋ?

አማርኛ «እጅ እጅ አለኝ» ይላል። «ኝ»ን ልብ በሉልኝ። ወጡን አይከስም፤ የበዛው ለእኔ ነው ይላል። ቻይንኛም «በልቼ በልቼ ኒ አለኝ» የሚያሰኝ አነጋገር አለው። ሁለቱም ቋንቋ መውጫውን አስቀምጧል፤ ምርጫው የተናጋሪው ነው።

ስለዚህ ሰው ሲከብደኝ መጀመሪያ ቃሉን ወደ «ኝ» እመልሰዋለሁ። ከዚያ በኋላም የሚቀር ጥፋት ካለ፣ ያ ስም ያለው ጥፋት ነው። በስሙ ይጠራ።