የዋሻው ውሻ እና በደጃችን የታሰረው ውሻ



ዛሬ ጁምዓ ነው። ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ካህፍን ቀርታችኋል፤ ያልቀራችሁም ከመግሪብ በፊት ትቀሩታላችሁ ኢንሻአላህ። እዚያ ሱራ ውስጥ ከዋሻው ወጣቶች ጋር አንድ ውሻ አለ። አላህ (ሱ.ወ.) 309 ዓመት ስለተኙት ወጣቶች ሲነግረን፣ ውሻቸው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ እንደነበር ሳይነግረን አላለፈም። ሰዎች በቁጥራቸው ሲከራከሩም፣ ሦስት ናቸው ያለውም፣ አምስት ናቸው ያለውም፣ ሰባት ናቸው ያለውም ውሻውን ጨምሮ ይቆጥራል። በአንዲት ሱራ ውስጥ አራት ጊዜ ተወስቷል። ኢብኑ ከሲር በተፍሲራቸው የደጋጎቹ ሰዎች በረካ አብሯቸው ለነበረው ውሻም እንደደረሰው ጽፈዋል።

ይህን ሱራ ስንት ጁምዓ ቀርቻለሁ! ውሻውን ግን ልብ ያልኩት ባለፈው ክረምት ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እዚህ ቱም፣ ከመስጂዳችን አጥር ጀርባ አንዲት ውሻ ወለደች። የማስቀራቸው ልጆች ከዐስር በኋላ ሲወጡ በድንጋይ ያዟት። አንዱ ቡችላ ሞተ። እሷም ዞራ አንዱን ልጅ እግሩ ላይ ነከሰችው። አባቱ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ልጁን ይዞ ክትባት ፍለጋ ወደ ሚዛን መኪና ተሳፈረ። ልጆቹን ሰብስቤ "ለምን?" ስላቸው አንዱ አንገቱን ደፍቶ "ኡስታዝ፣ ነጃሳ ነው ብለውን የለ?" አለኝ።

ወላሂ መልስ አጣሁ። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር እንደሆነ አስተምሬያቸው ነበር። የተጠማውን ውሻ ያጠጣውን ሰውዬ ታሪክ ግን አላስተማርኳቸውም። ግማሹን ሰጥቼ ግማሹን አስቀርቼ ነበር። ልጁ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። ያስቀረሁትን ግማሽ ግን ዛሬ ለእናንተም ልናገረው።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ታውቁታላችሁ። አንድ መንገደኛ በጣም ተጠምቶ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ጠጣ። ሲወጣ ከጥማት የተነሳ ምላሱን አውጥቶ እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አየ። እኔን ያገኘኝ ነው ያገኘው ብሎ ተመልሶ ወረደ፤ ጫማውን ውሃ ሞላ፣ በአፉ ነክሶ ወጣና አጠጣው። አላህም ሥራውን ተቀብሎ ማረው። ሰሓቦች ለእንስሳም ብለን አጅር እናገኛለን ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ላለው ሁሉ በሚደረግ በጎ ነገር አጅር እንዳለ ነገሯቸው። በሌላ ሐዲስ ከበኒ ኢስራኢል የሆነች አመንዝራ ሴት በተመሳሳይ ሥራ ተምራለች። ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት ደግሞ በዚያ ምክንያት እሳት ገባች።

አሁን ፊቅሁን እንለየው። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ ነው፤ በሐነፊይ ዘንድ ምራቁ ነው ነጃሳ፤ በማሊኪይ ዘንድ በሕይወት ያለ እንስሳ ሁሉ ንጹህ ነው። የትኛውንም ብትይዝ ይህ ሕግ ስለ ልብስህ፣ ስለ ዕቃህና ስለ ሶላትህ ነው። አንተ ምን እንደምታጥብ ይነግርሃል እንጂ እሱን ምታው አይልህም። ደግሞ ደረቅ ከደረቅ ሲነካካ ነጃሳ አይተላለፍም። የራሱን ዕቃ ለይተህ ውሃ ብታስቀምጥለት ውዱእህ ምን ይሆናል?

ያለ ምክንያት ውሻ ማሳደግ ከአጅር በየቀኑ እንደሚቀንስ በሐዲስ መጥቷል፤ ይህንን አንደብቅም። ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን ግን ተፈቅዷል። ብዙ ዑለሞች ቤት መጠበቅንም በዚሁ ቂያስ አድርገውታል። የእኛ አገር ሰው ውሻ የሚይዘው ለዚህ ነው። በቆሎው ሲያሸት ዝንጀሮው ቀን፣ ከርከሮው ሌሊት ይመጣል። ገበሬው ማማ ላይ ቢያድርም ቀድሞ የሚሰማለት ውሻው ነው። ከተማም ውስጥ የሱቁንና የግቢውን ሌሊት የሚጠብቀው እሱ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያገለግል ፍጡር እንዴት ነው የምንይዘው? ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል። ፀሐይ ሲመጣ ጥላ አይደርስበትም፣ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ ላይ ይተኛል። ውሃ የሚያገኘው ሰው ካስታወሰ ነው። ኃይለኛ እንዲሆን ብለን እንመታዋለን፣ እናስርበዋለን። ሲያረጅ ደግሞ ገበያ ወስደን ጥለነው እንመለሳለን።

"እንዲህ ካልተያዘ አይጠብቅም" የሚል ወንድም ይኖራል። ይህን ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ግን ሌላ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ሰው የነከሱ ውሾች ካልነከሱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የነከሱት ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ከፍ ያለ ነበር። የሚነክሱትም በብዛት ሌባ ሳይሆን የሚያውቁትን የቤትና የሰፈር ልጅ ነው። በ2020 ደግሞ በፖርቹጋል 92 ውሾች ተጠንተው፣ በኃይልና በቅጣት የሰለጠኑት በሽልማት ከሰለጠኑት ይልቅ ጭንቀት ታይቶባቸዋል። ከምራቃቸው የተለካው የጭንቀት ሆርሞንም ከስልጠና በኋላ ጨምሮ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ሌላም ነገር ሞከሩ። አንድ ቦታ የሚቀመጥ ሳህን ሁልጊዜ ምግብ እንዳለው፣ ሌላ ቦታ የሚቀመጠው ባዶ እንደሆነ ውሾቹን አስለመዷቸው። ከዚያ ሳህኑን መሐል ላይ አስቀመጡት። በቅጣት የሰለጠኑት ወደ ሳህኑ ለመሄድ ዘገዩ፤ በጎ ነገር መጠበቅ ትተዋል። ይህን ሳነብ ከውሻው ይልቅ የምናስቀራቸው ልጆች ትዝ አሉኝ።

እኛ ዘንድ ይህ እውቀት አዲስ አይደለም። በሱረቱል ማኢዳህ አላህ የተማረ የአደን ውሻ የያዘውን ሐላል ሲያደርግልን፣ ለውሻው የምናስተምረው እሱ ራሱ ካስተማረን እንደሆነ አስታውሶናል። በ7ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የኖሩት ሻፊዒዩ ዓሊም ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም የእንስሳት ሐቅ በእኛ ላይ ምን እንደሆነ ሲዘረዝሩ፣ ቢያረጅም ሆነ ቢታመም፣ ጥቅም ባይሰጥም እንኳ ቀለቡን መቻል ግዴታ ነው ብለዋል። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ብለን ሰው እንሰድባለን። እሱስ ላበላው ጮኸ፤ እኛ ለጠበቀን ምን አደረግን?

ወደ ልጁ ንክሻ ልመለስ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ሰው ሲነከስ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የባህል መድኃኒት እየሞከራችሁ ቀን አታሳልፉ።

በሽታውን የምናቆመው በመርዝ ነው የሚሉ አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ውሾች እንዲገደሉ በመጀመሪያ አዘው በኋላ እንደከለከሉ ሙስሊም ዘግበዋል። ሰው የሚያጠቃውን ውሻ ማስወገድ እንደተፈቀደ ነው። ሆኖም ስናርድ እንኳ ቢላችንን እንድንስል ያዘዘ ዲን፣ ነፍስ በመርዝ ስትንፈራገጥ ልጆቻችን ቆመው እንዲያዩ አይፈቅድም። ደግሞም አይሠራም። የተገደሉት ቦታ ላይ ያልተከተቡ ሌሎች ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይቆረጣል ነው። በአገራችንም በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ለማዳን የሚሠራው ፕሮግራም ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአርብቶ አደሩን ውሾች ሲከትብ ኖሯል፤ ቀበሮውን የሚጨርሰው በሽታ ከውሻ ስለሚመጣ ነው። የባሌ ሙስሊም ገበሬ ውሻውን ይዞ ወጥቶ ካስከተበ፣ እኛስ?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የዚህን ጁምዓ ሥራ ላቅልልላችሁ። ዛሬ ከሶላት ስትመለሱ ግቢያችሁ ያለውን ሰንሰለት እዩት። ጥላ ያደርሰዋል? ውሃ አለው? በቀን ጥቂት ሰዓት መፈታት ይችላል? ክትባት ወስዶ ያውቃል? ካልወሰደ የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ካረጀም አትጣሉት። ልጆቻችሁን ደግሞ ሁለቱን ሐዲስ አብራችሁ አስተምሯቸው፣ ዕቃ የሚታጠብበትንም ውሃ የሚሰጥበትንም።

እኛ ዘንድ ልጆቹ ከአጥሩ ጀርባ አሮጌ ጣሳ አስቀምጠዋል። ውሃ የሚሞላበት ተራ አላቸው። የተነከሰው ልጅ ገና ይፈራል፤ ተራው ሲደርስ ከሩቅ ቆሞ ለጓደኛው ያቀብላል። እኔም አላስገደድኩትም። እሷ ግን እስካሁን ድንጋይ የያዘ እጅ ያየች ይመስል፣ ልጆቹ እስኪሄዱ ወደ ጣሳው አትቀርብም።

ያ ረብ፣ በእጃችን ሥር ላደረግከው ሁሉ የምናዝን አድርገን። አስተምረን ያጎደልነውን ይቅር በለን። በዋሻው ደጃፍ ያለውን ፍጡር ያልረሳህ ጌታ ሆይ፣ እኛንም በራሕመትህ አስበን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ።