የነፍጠኛው መቃብር

ከምኒልክ ጦር ጋር ጊቤን ተሻግሮ፣ መሬት ተቀብሎ የቀረና በዓድዋም የዘመተ ሰው በገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀብሮ ሲገኝ ሙግት ይነሣል። የልጅ ልጆቹ ለአገር የደማ ጀግና ይሉታል፤ የገባሮቹ የልጅ ልጆች የአያቶቻችንን ርስት የነጠቀ ነፍጠኛ ይሉታል። ሁለቱም ወገኖች የሚጣሉት መቃብሩን የክብር ፍርድ አድርገው ስለሚያዩት ነው። የተቀደሰ ምድር ግን እንዲህ ያለ ፍርድ አይሰጥም ባይ ነኝ።

ታሪኩ ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። በ1874 ዓ.ም. የሸዋ ጦር የጎጃምን ጦር እምባቦ ላይ ካሸነፈ በኋላ ጊቤ ማዶ ያሉት የኦሮሞ መንግሥታት በምኒልክ ሥር ገቡ። በሊሙ፣ በጎማና በጌራ ሹም ተሾመ፣ ወታደር ሰፈረ፣ ገበሬውም ገባር ሆነ። የጅማ መንግሥት ግን ዳግማዊ አባ ጅፋር ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስላስጠበቁ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ከዚህ ዕጣ ተርፎ ቆየ። ነፍጠኛ ሁሉ የአንድ ወገን ተወላጅም አልነበረም፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ነው የጦር ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱት።

ቤተ ክርስቲያን ለሟች ፍትሐት ታደርሳለች፤ በአርባውም በሰማንያውም ቀን ትለምንለታለች። ልመናው ለሹሙም ለአራሹም ነው፤ ኀጢአት የሌለበት ሰው የለምና ንጉሡም ሳይቀር ምሕረት ይለመንለታል። እንግዲህ ነፍጠኛውን በቅጥሯ ያሳረፈችው ቤተ ክርስቲያን ጻድቅ ነው አላለችም፤ ማረው ብላ ነው የቀበረችው። ጀግንነቱን የሚያወሩት ሐውልቱና ሙሾው ናቸው።

«በዓድዋ ደሙን ያፈሰሰ ሰው በምን አፍ ይወቀሳል?» የሚል ይኖራል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል የሁላችን ነው፤ የኦሮሞ ፈረሰኛም ተዋግቶበታል። ሆኖም ጦር ሜዳ ላይ የታየ ጀግንነት በገባሩ ጎተራና ጉልበት ላይ የተሠራውን አይከፍልም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ከተቀበለ በኋላ እንኳ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቷል፤ ምሕረት ማግኘቱ ካሣውን አላስቀረለትም። የመሬቱ ነገር በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ተቋጨ፤ የታሪኩ ዕዳ ግን እስካሁን አልተከፈለም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ሙግት ነው። የሰፋሪው ስም በድንጋይ ተጽፎ ሲነበብ፣ አብዛኛው ሙስሊም የነበረው የጊቤ ማዶ ገባር ስሙ የትም አልተጻፈም፤ ታዲያ መቃብሩን መጠበቅ ግፉን መጠበቅ አይሆንም ወይ? ይህ ብርቱ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቁትም እውነት አላቸው። ግን መቃብሩ ቢፈርስ የገባሩ ስም አይገኝም፤ ማን መጥቶ ማንን እንደ ገዛ የሚመሰክረው ምልክትም አብሮ ይጠፋል። የጎደለው የሌላው ስም ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላትና የመስጊድ ሽማግሌዎች ሆይ፣ መሬቱን ማን ያርሰው እንደ ነበር፣ ማን ከርስቱ እንደ ተነቀለ የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ጻፉ።