መስመሩን የማቆም ሥልጣን

ሰነፍ የሚባል ሠራተኛ ስንፍናውን ከቤቱ ይዞት ይመጣል ወይስ መሥሪያ ቤቱ ያስለምደዋል? አንድ ድርጅት ሰውን የሚያስተዳድርበት መንገድ ሁሉ የሚቀዳው ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጠው መልስ ነው። ከቤቱ ነው የሚል አለቃ ተቆጣጣሪና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያበዛል። ከሥራ ቦታው ነው የሚል ግን አስቀድሞ የራሱን አመራር ይመረምራል።

ጥያቄውን በተግባር የፈተነ አንድ ፋብሪካ አለ። በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ከተማ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ መኪና መገጣጠሚያ ሠራተኛው ከሥራ በመቅረቱና ከአለቆቹ ጋር ዘወትር በመጋጨቱ ስሙ የጠፋ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ ኑሚ የተባለ የጋራ ኩባንያ አቋቁመው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ የዱሮዎቹ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበራቸውም ያው የዱሮው። ብዙም ሳይቆይ የሚያወጡት መኪና ጃፓን ከሚሠራው ጋር በጥራት ተወዳደረ፤ ከሥራ የሚቀረውም ሰው በእጅጉ ቀነሰ።

ሰዎቹ ሳይለወጡ ምን ተለወጠ? በዱሮው ፋብሪካ የመገጣጠሚያው መስመር መቆም አልነበረበትም። ብሎን ቢላላ፣ ዕቃ ቢጎድል መኪናው እንዲያው ያልፋል፤ ኋላ ግቢ ውስጥ ይጠገናል። በአዲሱ ግን በሠራተኞቹ አጠገብ የአንዶን ገመድ የሚባለው ተዘረጋ። ችግር ያየ ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፤ ድምፅ ይሰማል፣ ሰሌዳው ላይ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪውም ሊያግዘው ይመጣል። መኪናው ከዚያ ቦታ እስኪያልፍ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ቀጥ ይላል። አለቆቹም የተለየ የመመገቢያ ክፍል አልነበራቸውም፤ ከሠራተኛው ጋር በአንድ አዳራሽ ይበሉ ነበር።

ገመድ ርካሽ ነው። ውዱ ነገር፣ እውነቱን የተናገረ አይጎዳም የሚለው ቃል ነው። በእኛ አገር ብዙ መሥሪያ ቤት አዲስ ገቢ ሠራተኛ ቶሎ የሚማረው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ነው። ይህን ሥልጠና ላይ የሚነግረው የለም፤ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የተናገረ ባልደረባው ወዲያው ከቦታው ሲነሣ ያያል፣ ይበቃዋል። የሥራ ባህልን ማወቅ የፈለገ ሰው መጥፎ ወሬ ከታች ተነሥቶ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ይጠይቅ።

ኢትዮጵያም ከቶዮታ አሠራር መሠረቶች አንዱ የሆነውን፣ ካይዘን የተባለውን ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴ ከጃፓን ተቀብላ በ30 ኩባንያዎች ከሞከረች በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. ኢንስቲትዩት አቋቁማለች። ሥራው ጠቅሟል፤ መፍቻው በቦታው ተሰቀለ፣ መጋዘኑ ጸዳ፣ የሚባክን ጥሬ ዕቃ ቀነሰ። ሆኖም ዕቃን ማስተካከል የሥራው ቀላሉ ግማሽ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ሰዎቹን ፍሪሞንት እየላከ ቢያስተምርም፣ ያዩትን ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ለማዛመት ዓመታት ፈጅቶበታል። ገመድ መስቀል ይቻላል፤ ገመዱን የሳበውን የሚቆጣ አለቃ ባለበት ግን ማንም አይነካውም።

የሰው ሀብት አመራር ዋና ሥራ እዚህ ላይ ይታያል፤ የተሰጠውን ቃል መጠበቅ፣ በተለይ ቃሉ ገንዘብ በሚያስወጣበት ቀን። ኑሚ ከማኅበሩ ጋር በተፈራረመው ስምምነት ሠራተኛ ከመቀነሱ በፊት የአለቆች ደመወዝ እንደሚቀነስ ቃል ገብቶ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገበያው ቀዝቅዞ ፋብሪካው ከአቅሙ በታች ሲሠራ ማንንም አላሰናበተም፤ ትርፉን ሰው ወደ ሥልጠናና ወደ አሠራር ማሻሻያ አዛወረ። እምነት የተገዛው በዚያ ወቅት ነው።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው አሁን ነው። ሠራተኛን ማክበር የሚገባው ስለሚያተርፍ ነው? ለትርፍ ሲባል ብቻ የሚሰጥ አክብሮት ትርፉ በቀነሰ ማግስት ይነሣል፤ ሠራተኛውም ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አያምነውም፤ ካላመነው ደግሞ ትርፉ ራሱ አይመጣም። በዚያ ላይ መልካም ባህል ዋስትና አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ ከከሰረና ከሽርክናው ከወጣ በኋላ ኑሚ በ2010 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ሠራተኞቹ ሥራ ስላላወቁ አልነበረም። እንግዲህ የአክብሮት መሠረቱ ሠራተኛው ሰው መሆኑ ብቻ ነው፤ ስኬት ብዙ ጊዜ ይከተለዋል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ይህን የተቀበለ የሰው ሀብት ኃላፊ ከሠራተኛው ፋይል በፊት የአለቆችን አያያዝ ይመርምር። እውነት በመናገሩ ዕድገት የተከለከለ ወይም የተዛወረ ሰው ካገኘ በይፋ ወደ ቦታው ይመልሰው። ያን ሳያደርግ ስለ ባህል ለውጥ ሠራተኛውን ለስብሰባ አይጥራ፤ የሚሰማው አያገኝም።