ቀደር ነው ወይስ ያልተጠረገ ቦይ?

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከደሴ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ ስንጓዝ መኪናችን ከአንዲት ጅረት ዳር ቆመች። ጅረቷ በበጋ ልጆች ተራምደው የሚሻገሯት ናት። ያን ዕለት ግን ሞልታ መንገዱን ቆርጣዋለች። ከማዶ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት «ምን ይደረግ፣ የአላህ ቀደር ነው» አሉ። አንድ ወጣት አንገቱን ደፍቶ «ልክ ነው ሸኽዬ፤ ግን ቱቦው በደለል ከተደፈነ ይኸው ሦስተኛ ክረምቱ ነው» ሲል መለሰላቸው። ሴትዮዋን ያሻገሯት ወደ ማምሻው ነበር።

ለመሆኑ ከሁለቱ ትክክል የተናገረው ማን ነው?

በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። ሸኽዬው አልተሳሳቱም። ነገር ግን ቀደር የምናምንበት እንጂ ከኃላፊነት የምንሸሸግበት ዋሻ አይደለም። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ወሰኑ። ከአላህ ቀደር ይሸሻሉን ተብለው ሲጠየቁም፣ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄዳቸው እንደሆነ አስረዱ። እኚሁ ሰው በኢራቅ ምድር አንዲት በቅሎ ብትደናቀፍ መንገዱን ለምን አላስተካከልክም ተብዬ እጠየቃለሁ ብለው ይሰጉ እንደነበር ሲነገር ኖሯል። ስለ በቅሎ እንዲህ ከተሰጋ፣ በቃሬዛ ላይ ስላለች እናት ምን ይባል ይሆን?

ዝናቡን የሚያወርደው አላህ ነው። ዝናቡ ጥፋት እንዲሆን የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ የእኛ እጅ ነው። መንገድ በተራራ ወገብ ላይ ሲቆረጥ ከላይ የሚወርደውን ውኃ ሁሉ ይሰበስባል። ውኃው በየአጭር ርቀቱ በቦይና በቱቦ ካልተበተነ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ይፈነዳል፤ የታችኛውን ማሳ ቦርቡሮ ገደል ያደርገዋል። የተራራው እግር ያለ ድጋፍ ግንብ ከተቆረጠም አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ይናዳል። እንግዲህ መንገዱ ራሱ የአደጋ ምንጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለእኛ ለከተሜዎች ጤፍና ቡና የሚያመጣልን መንገድ ጎርፉን የሚያራግፈው በአንዲት ባልቴት ጓሮ ላይ ይሆናል። ጥቅሙ ለእኛ፣ ጉዳቱ ለእሷ ከሆነ ይህ የተፈጥሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፍትሕ ጉዳይ ነው። ጉዳት መወገድ አለበት የሚለው የፊቅህ መርሕም እዚህ ላይ ይሠራል።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት የታለመ ነበር። በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ተሠርቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሪባን የሚቆረጠው መንገድ ሲመረቅ ነው። ቦይ ሲጠረግ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አላየንም።

አንዳንዶች አገራችን ድሃ ናት፣ አቅሙ የለም ይላሉ። እውነት ነው፤ ድልድይና የድጋፍ ግንብ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በግንቦት የተደፈነ ቱቦ መክፈት ግን አካፋና ጥቂት የሥራ ቀናት ነው የሚፈልገው። ውድ የሚሆነው ሳይከፈት ቀርቶ መንገዱ ሲወሰድ ነው። በትግራይ በ2000ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ ሥራ ደግሞ የመንገድ ጎርፍ ወደ ኩሬና ወደ ማሳ ሊመራ እንደሚችል አሳይቷል። አጥፊ የነበረው ውኃ ለሰብልና ለከብት ሆነ።

ሌሎች ደግሞ እዚያ ገደል ሥር ለምን ሰፈሩ ብለው ይጠይቃሉ። ድሃ የሚሰፍረው መሬት ባገኘበት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን እናስታውስ። ናዳ የቀበራቸውን ወገኖች ለማውጣት በእጅና በአካፋ ሲቆፍሩ የነበሩ ሰዎች ሌላ ናዳ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ሊረዱ የሮጡ ሰዎች ደግነት አልጎደላቸውም። የጎደለው አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ እንደገና ሊናድ እንደሚችል ቀድሞ የሚነግራቸው ነበር። ከአደጋ በኋላ የምናፈሰው እንባና የምናዋጣው ገንዘብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከአደጋ በፊት ያለብንን ግዴታ አይተካም።

ውድ አንባቢያን፣ ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ የምናስበው ድንጋይና እሾህ ነው። የተደፈነ ቱቦስ እንቅፋት አይደለምን? አብዛኞቻችን ዘመድ ያለን ገጠር ነው። በየዓመቱ ለመስጊድ ማሠሪያ ስንልክ፣ ለቀበሌው መንገድ ጠረጋም ጥቂት ብንጨምር ሰደቀቱል ጃሪያ ይሆንልናል። ክረምት ሳይገባ የወረዳውን መንገድ ጽሕፈት ቤት ቦዩ ተጠርጓል ወይ ብሎ መጠየቅም አማናን ማስታወስ ነው።

ያ ወጣት ከሸኽዬው ጋር አልተጣላም። እሳቸው ስለ አላህ ተናገሩ፣ እሱ ስለ እኛ ተናገረ። አላህ የሚጠይቀን ስላወረደው ዝናብ ሳይሆን ስላልጠረግነው ቦይ ነው።

ወላሁ አዕለም።