ጠፋ ወይስ ተቀበረ?

የመጀመሪያውን ደህና የብረት መፈለጊያ ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው በአብዛኛው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ስንት ነው? ምን ያህል ጥልቀት ድረስ ያያል? ወርቅን ከቆርኪ ይለያል? ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ እኔም ለወራት ይዣቸው ዞሬያለሁ። ግን ከሦስቱም የሚቀድም አራተኛ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፦ የምፈልገው ነገር ጠፍቶ ነው ወይስ ተቀብሮ? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የትኛውን ማሽን እንደምገዛ፣ የት ይዤው እንደምሄድ፣ ጨርሶ መግዛት አለብኝ ወይ የሚለውንም የሚወስነው እሱ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንይ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ክብ ነገር ውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ ኮይል ይባላል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ አፈር ውስጥ ካለ ብረት፣ መዳብ፣ ብር ወይም ወርቅ ጋር ሲገናኝ በዚያ ነገር ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሳል፤ ማሽኑ ያንን መልስ ሰምቶ በድምፅና በቁጥር ይነግረናል። ለጀማሪ የሚሸጡት ብዙዎቹ በአንድ ድግግሞሽ ነው የሚሠሩት። ለምሳሌ የቱርኩ ኖክታ ሲምፕሌክስ ፕላስ በ12 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል። የአውስትራሊያው ሚንላብ ለወርቅ ብሎ የሠራው ጎልድ ሞንስተር 1000 ደግሞ በ45 ኪሎ ኸርዝ ነው። ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ጠለቅ ብሎ ይገባል፣ ለብርና ለመዳብም ይመቻል። ከፍ ያለው ደቃቅ ወርቅ ይይዛል፣ ግን ብዙም አይጠልቅም። እንደ ኢኩይኖክስ 800 ያሉት ብዙ ድግግሞሽ ባንድ ጊዜ ይልካሉ፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ከዚያ የአፈሩ ጉዳይ ይመጣል። እኔ የምኖርበት ጉለሌ እንጦጦ እግር ሥር ነው። ተራራው እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ ቀዩ አፈር ብረት አዘል ነው። እንዲህ ያለ አፈር ራሱ ለማሽኑ ስለሚናገር ባዶ መሬት ላይ ይጮኻል። ስለዚህ የአፈሩን ድምፅ የምናስተካክልበት "ግራውንድ ባላንስ" የሌለው ማሽን እዚህ አካባቢ አይረባም። ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባሉት ማሽኖች በአጭር በአጭሩ ምት እየላኩ በመሀል ስለሚያዳምጡ እንዲህ ያለውን አፈር በደንብ ይችሉታል። የወርቅ ፈላጊ ምርጫ የሆኑትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ውድ ናቸው፤ ምስማርን ከወርቅ በመለየት ደግሞ ደካሞች ናቸው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። ወርቅን ከቆርኪ ይለያል? ሙሉ በሙሉ አይለይም። ማሽኑ የሚሰማው ነገሩ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያስተላልፍና ስፋቱን ነው፤ ዋጋውን አያውቅም። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የተጨማደደ የሲጋራ ብርማ ወረቀት የተቀራረበ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ቆሻሻ እንዳትሰሙ ማጣሪያውን ባጠበቃችሁት ቁጥር ቀለበቱንም የማለፍ ዕድላችሁ ይጨምራል። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ይሄ ለኔ እንግዳ አይደለም፤ የማይረባ ኢሜይል የሚያግድ ማጣሪያ የምትጠብቁትን የቅጥር ደብዳቤም አብሮ ሊጥል ይችላል። ማጣሪያ ማለት ላለመስማት የወሰንነው ነገር ዝርዝር ነው።

ማንም ሰው ሳይወስን፣ ማሽኑ በተፈጥሮው የማይሰማው ዝርዝር ግን ከዚህ ይረዝማል። ከሰል አይሰማም። የሸክላ ስባሪ አይሰማም። አጥንት፣ የግድግዳ መሠረት፣ የአመድ ንጣፍ፣ ከላይኛው አፈር በቀለም የሚለይ የታችኛው አፈር፣ አንዳቸውንም አይሰማም። አርኪዮሎጂስት አንድ ሳንቲም መቼና እንዴት እዚያ እንደደረሰ የሚያውቀው ደግሞ በነዚህ ነው። ማሽኑ ዕቃውን ይሰማል፣ ለዕቃው ትርጉም ለሚሰጠው ነገር ሁሉ ግን ደንቆሮ ነው። እኛም ጆሯችንን ለሱ አውሰን ስንቆፍር አብረን እንደነቁራለን።

ይሄ ለምን ያሳስበኛል? ጉለሌ ተራ መሬት ስላልሆነ ነው። ምኒልክ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የከተሙት እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው፤ በ1882 ዓ.ም. የነገሡትም እንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በ1450 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቬኒስ ውስጥ ፍራ ማውሮ የሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የነገሥታት ከተማ ትታያለች። ሃርትዊግ ብሬተርኒትዝ እና ሪቻርድ ፓንክረስት በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከወጨጫ እስከ የረር ባለው አካባቢ የሚገኙ ጥንታዊ ፍርስራሾችን ከዚች ከተማ ጋር አያይዘው መርምረዋል። እኛ ጠዋት ሩጫ የምንወጣበት ተራራም ከዚሁ አካባቢ ነው። ገና ያልተነበበ መጽሐፍ ላይ ነው የምንሮጠው።

የሰፈር ወሬ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ አለው። ጣሊያን ሲወጣ ቀብሮት ሄደ የሚባለውን ወርቅ ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ዋሻ ውስጥ ነው ይላል፣ ሌላው ትልቅ ዛፍ ሥር። ማሽን ልገዛ እንደሆነ የሰሙ አንድ የሰፈራችን አዛውንት "አንተ ልጅ፣ የጣሊያኑን ስታገኝ እኛን እንዳትረሳ" ብለውኛል። ቀልድ ነው፤ ግን በቀልዱ ውስጥ የተቀበረ ነገር ያገኘው ሰው ነው የሚል እምነት አለ።

ጓደኛዬ ይህንኑ እምነት በክርክር መልክ አቀረበልኝ። "ታካብዳለህ" አለኝ። "አምስት መቶ ዓመት ማንም ያላየው፣ ማንም የማያውቀው ሳንቲም ብታወጣ ማን ይጎዳል? ትናንት አልነበረውም፣ ዛሬም የለውም። ያልነበረውን ነገር የሚያጣ ሰው የለም።"

ቀላል ክርክር አይደለም። "ሕጉ ይከለክላል" ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እውነትም ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመፈለግና ለማጥናት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። መሬቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ግን ጓደኛዬ የጠየቀኝ ስለ ሕጉ አይደለም፤ ጉዳቱ የት እንዳለ ነው። ማንም ባያየኝ፣ ማንም ባይደርስብኝስ?

መልሴን ያገኘሁት ሁለት ዕቃዎችን ሳወዳድር ነው። አንደኛው የአክሱም ሐውልት ነው። የሙሶሎኒ ጦር በ1937 እ.ኤ.አ. ወስዶ ሮም ውስጥ አቆመው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል፣ ግን ተመልሷል። መጠየቅ የቻልነው የት እንደነበረ ስለምናውቅ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉትንም ዛሬ ድረስ የምንጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከየት፣ መቼ፣ በማን እንደተወሰዱ ይታወቃል።

ሁለተኛው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ የአክሱም ሳንቲም ነው። አክሱም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃና ክቡ ምልክት ወርዶ መስቀል የተተካው እነዚህ ሳንቲሞች ላይ ነው። ከሱ ዘመን በኋላ ከወጡት የነሐስ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ላይ፣ ይህ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ የሚል ሐሳብ ያለው ጽሑፍ በግሪክኛ ተቀርጿል። ከንጉሥ ለሕዝብ የተላከ መልእክት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሳንቲም አንድ ሌሊት ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ኪስ ውስጥ ገብቶ ቢሸጥ ማን ይጠይቀዋል? ከየት እንደወጣ የሚያውቀው ያወጣው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይናገርም።

እንግዲህ የጓደኛዬ ክርክር እዚህ ላይ ይገለበጣል። ማንም አለማወቁ ጉዳቱን አያጠፋውም፤ የማይጠገን ያደርገዋል እንጂ። የሚያውቅ ባለቤት የተሰረቀበትን ይጮኻል፣ ይከስሳል፣ ስልሳ ዓመት ቆይቶም ያስመልሳል። የማያውቅ ባለቤት ግን የመጠየቅ መብቱንም አብሮ ነው የሚነጠቀው። አባት ለልጁ የላከውን ደብዳቤ ልጁ ሳያየው ብቀድ፣ ልጁ ደብዳቤ እንዳለ አለማወቁ ከጥፋቱ ነፃ አያወጣኝም። ጥፋቱ ራሱ እሱ ነው።

በሌላ በኩል የሚነሳውን ሐሳብም መስማት ያስፈልጋል። እንግሊዝ አገር ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው በማሽን ይፈልጋሉ፤ ባለ መሬቱ ከፈቀደና ቦታው የተከለለ ቅርስ ካልሆነ በሕግ የተፈቀደ ነው። የ1996 እ.ኤ.አ. የውድ ግኝቶች ሕግ አላቸው፤ ግኝት የሚመዘግብ ተቋምም ከ1997 ጀምሮ ይሠራል። በ2009 አንድ ፈላጊ ስታፎርድሺር ውስጥ እርሻ ላይ የወርቅና የብር ክምችት አግኝቶ አሳወቀ፤ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ቦታውን ቆፈሩ። ግኝቱ በ3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ፤ ገንዘቡን ፈላጊውና ገበሬው ተካፈሉ፣ ዕቃው ለሙዚየም ሆነ። ይህ ጥሩ ነገር አይደለም ልል አልችልም። ትራክተር በየዓመቱ የሚገለብጠው አፈር ውስጥ ያለ ነገር ቀድሞውኑ ከቦታው ተፈናቅሏል፤ ባያወጡት ማረሻው ይሰባብረዋል።

እኛ ጋ ግን ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ በበሬ የሚጎተተው ማረሻችን እንደ ትራክተር አይጠልቅም፤ ላይ ላዩን ነው የሚጭረው። ሃያና ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚያይ ማሽን ማረሻ ያልደረሰበት፣ ገና ያልተነካ አፈር ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ የቅዳሜ ፈላጊን ተቀብሎ የሚያስተናግድ እንዲህ ያለ አሠራር አልዘረጋንም። ማሽኑን ማስመጣት ማሽኑን የሚገራውን ተቋም አብሮ ማስመጣት አይደለም።

የወርቅ ፈላጊውን ጉዳይ ለይቼ ነው የማየው። ጉጂ ወይም ቤኒሻንጉል ያለ ባህላዊ አምራች ፈቃድ አውጥቶ ወርቅ ቢፈልግ እንጀራው ነው። መሬት ያበቀለው ወርቅ የሰው እጅ አላረፈበትም፤ ማንም ለማንም የላከው መልእክት አይደለም። ከቦታው ስናነሳው ታሪክ አንቀድም። እሱን ከአክሱም ሳንቲም ጋር አንድ ላይ "ወርቅ" ብሎ የሚጠራው ማሽኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ አራተኛው ጥያቄ ልመለስ። የጠፋ ነገር የሚፈልገው ሰው አለ። ቀለበቷ ሜዳ ላይ የወደቀባት ሙሽራ፣ ቁልፉን ሣር ውስጥ የጣለ ሹፌር፣ አጥሩን ሊቆፍር ሲል የውሃ መስመሩ በየት በኩል እንዳለፈ የማያውቅ ጎረቤት። እዚህ ማሽኑ የተቋረጠ ግንኙነት ይቀጥላል፤ ዕቃውን ለባለቤቱ ይመልሳል። የተቀበረ ነገር ላይ ግን ማሽኑ ግንኙነት ይበጥሳል። አንዱና ያው መሣሪያ፣ አንዱና ያው ድምፅ፣ ተቃራኒ ሥራ።

ይሄ ምርጫዬን አቅልሎታል። ጥልቀት የማሽን ሁሉ መለኪያ ነው ብለው ለሚያስቡ ይገርማቸው ይሆናል፣ ግን ትናንት የወደቀ ቀለበት ሠላሳ ሳንቲ ሜትር አይጠልቅም። ለጠፋ ነገር ጥልቅ የሚያይ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ባለ አንድ ድግግሞሽ፣ ቀለል ያለ፣ ግራውንድ ባላንሱ የሚስተካከል፣ ውሃ የሚችል፣ ትንሽ ኮይል ያለውና ነገሩ ያለበትን ነጥብ በደንብ የሚጠቁም ማሽን ይበቃል። የቀረው ገንዘብ ለጆሮ ማዳመጫና ለትንሿ የእጅ መጠቆሚያ ይሁን። ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ ግን የትኛውም ማሽን አይበቃም፤ ያልፈነዳ ቦምብና የዛገ ጓንጉል ቁልፍ ለማሽኑ ሁለቱም ብረት ናቸው።

በጥልቁ የመፈለግ ጉጉት ያለውስ? ጉጉቱ ክፉ አይደለም፤ ለኔም አለኝ። ግን የሚያዛልቀው መንገድ ፈቃድ ይዘው ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር መሥራት ነው። ካርታ መሥራት፣ መረጃ ማደራጀት፣ ፎቶና መለኪያ መመዝገብ፣ ይሄ ሁሉ ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት ሊያግዝበት የሚችል ሥራ ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላል ተረታችን። እግራችን ሥር ያለውማ ጭራሽ አይቆጠርም። እኔ የምገዛው ማሽን ትንሹ ነው፤ ይዤው የምወጣውም አንድ ሰው "ጠፋብኝ፣ ና ፈልግልኝ" ብሎ ሲደውልልኝ ነው። ሌላው ባለበት ይቆይ። የመቆፈር ተራው የኛ ካልሆነ የሚያነበው ይመጣል።